ከሲሚንቶው ሥር የሚያንኳኩት

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ሰው ነግሮኝ አይደለም።

"አሮጊት ናት፣ ጆሮዋ ነው የሚያታልላት" የምትሉ ካላችሁ እዚሁ ጋ አቁሙና ወደ ጉዳያችሁ ሂዱ። ከእናንተ በፊት ብዙ ሰው ብሎኛል። አብዛኞቹ ክራባት ያሰሩ ነበሩ።

ጸሎተ ሐሙስ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ፀሐይ ወጥታለች፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ እኔ ወጥ ቤቴ ቆሜ ለፋሲካ የሚሆን እንቁላል በቀይ ቀለም እየቀቀልኩ ነው።

ጨለማ የለም። ነፋስ የለም። ድመት እንኳን የለም።

እና ከቤት ማሞቂያው የብረት ቧንቧ ውስጥ አንድ ሰው አንኳኳ።

ኳ... ኳ... ኳኳ።

ከዚያ ዝም።

ከዚያ እንደገና።

ስሜ ቬቱሪያ ይባላል። የከተማዬን ስም አልናገርም። ሩማንያ ውስጥ፣ በተራሮች መሀል፣ የድንጋይ ከሰል ላይ የተሠራች ከተማ ናት ካልኳችሁ ይበቃል። ከቤታችን ሥር ጉድጓድ ነው። ከትምህርት ቤቱ ሥር ጉድጓድ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑም ሥር እንደዚያው። ዛሬ ሁሉም ማዕድን ተዘግቷል፣ ወጣቱ ጣሊያን ገብቷል፣ የቀረነው ጡረተኞች ነን።

እና ደንቆሮዎች ነን።

"መስማት የተሳናት" በይ ይሉኛል። እኔ ምንም አልተሳነኝም። ተወስዶብኝ ነው። ወጣትነቴን በሙሉ የከሰል ማጣሪያው ውስጥ ነው የጨረስኩት። ማሽኑ ሲጮህ ጥርሳችን ይንቀጠቀጥ ነበር። ለጆሯችን መከለያ ስጡን ብንል አለቆቹ "ጥጥ ጠቅጥቁበት" አሉን። ጥጡንም ከቤታችን ነው ያመጣነው።

ከዚያ በኋላ መንግሥት ለጡረተኛ ዋጋውን ይሸፍናል የተባለውን የጆሮ መስሚያ መሣሪያ ለማግኘት ዓመታት ጠበቅን። ተራ ጠብቁ፣ ከዋናው ከተማ ይመጣል፣ በጀት አልቋል፣ ለከርሞ... እየጠበቁ የሞቱ አሉ። አንዱ ጎረቤታችን "መስሚያዎ ደርሷል፣ ይምጡ" ተብሎ የተጠራው በሙት ዓመቱ ቀን ነው።

ጆሮዬን የበላው መንግሥት፣ ጆሮ ሰጠሁሽ ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ፎቶም አነሱን።

መስሚያዎቹ የመጡት በሕማማቱ ሳምንት ሰኞ ዕለት ነው። በአሮጌው የባህል አዳራሽ ሰብስበው አስቀመጡን። አዲና የምትባል ለስላሳ ልጅ፣ የጆሮ ባለሙያ ናት፣ በየተራ ትገጥምልን ጀመር።

ከጎኔ ሳቬታ ተቀምጣለች። ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ባሏ ከባሌ ጋር በአንድ ቀን ነው ማዕድኑ ውስጥ የቀረው። አፏ አያርፍም።

"ይቺን ነገር አድርጌ የልጄን ሚስት ስድብ ልሰማ ነው?" አለች። "እስከ ዛሬ ከንፈሯን እያየሁ የምትመርቀኝ ነበር የሚመስለኝ!"

"እትዬ ሳቬታ፣ እዚህች ጋ ሲጫኑት ድምፁ ይቀንሳል" አለቻት አዲና እየሳቀች።

"እሱንማ ለሷ ግጠሚላት!"

አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ሳቁን ሰማሁት። ከስንት ዘመን በኋላ የሰው ሳቅ ሰማሁ።

ቤቴ ገብቼ የራሴን የእግር ኮቴ ሰማሁ። ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም ሰማሁ። የራሴን ምራቅ ስውጥ ሰማሁ። ተቀምጬ አለቀስኩ። በደስታ እንዳይመስላችሁ። በንዴት ነው። የገዛ ኮቴዬን ለመመለስ ይህን ሁሉ ዓመት!

ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ቧንቧው አንኳኳ።

መጀመሪያ ሰው እየጠገነ መሰለኝ። ግን ምኑን ይጠግናል? ማሞቂያው ከተቋረጠብን ሁለት ዓመት ሆኖታል። ቧንቧው ባዶ ነው። ውሃ የለበትም።

መስሚያውን አወለቅኩት። ዝም።

መልሼ አደረግኩት።

ኳ... ኳ... ኳኳ።

አሁንም አወለቅኩትና እጄን ቧንቧው ላይ ጫንኩ።

ጆሮዬ ደንቆሮ ነው። ጣቴ ግን ደንቆሮ አይደለም።

ቧንቧው መዳፌ ሥር ይመታ ነበር... ልክ እንደ ልብ።

ለማንም አልተናገርኩም። ስቅለት አለፈ። ፋሲካ አለፈ። እንቁላሉን ብቻዬን በላሁት፣ ቧንቧው እያንኳኳ።

ከፋሲካ በኋላ ማክሰኞ አዲና መስሚያዎቹን ልታስተካክል ተመለሰች። ቤት ለቤት ትዞራለች። የእኔን ተቀብላ፣ እንደ ሐኪም ማዳመጫ ያለ ቀጭን ቱቦ አስገባችበትና በራሷ ጆሮ ልታዳምጠው ቧንቧው አጠገብ ቆመች።

ፈገግ ብላ ነበር የጀመረችው።

ቀስ በቀስ ፊቷ ነጣ።

"ምን ሰማሽ ልጄ?"

"ምንም... መሣሪያው ደህና ነው፣ እትዬ ቬቱሪያ።"

"ቱቦውን ጣልሽው እኮ።"

"መሣሪያው ደህና ነው" አለችኝ እንደገና። ቦርሳዋን እንኳን ሳትዘጋ ወጣች።

ከኋላዋ ልከተላት ደረጃው ላይ ስደርስ ሳቬታ ቆማለች። በካፖርትና በነጠላ ጫማ። እሷ፣ ቀልደኛዋ፣ ከንፈሯ ደርቋል።

ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ሳበችኝ።

"አንቺም... ትሰሚያለሽ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ከመቼ ጀምሮ?" አልኳት።

"ካደረግኩት ቀን ጀምሮ። እብደት መስሎኝ..."

"ለማን ነገርሽ?"

"ለማን ልንገር? ለልጄ ሚስት?"

ሁለት ደንቆሮዎች ስንሾካሾክ ያ የመጀመሪያችን ነው።

ወዲያው ወደ ጋሽ ጌዛ ወረድን። ምድር ቤት ነው የሚኖረው፤ ሲበዛ ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ሃንጋሪያዊ ነው፣ ድሮ አደጋ ሲደርስ ወርደው ሰው ከሚያወጡት ወገን ነበር። በሩ ክፍት ነው። ቧንቧው ሥር ወንበር አስቀምጦ፣ የፕሪም አረቄውን ጭኑ ላይ ይዞ፣ ግድግዳውን ትክ ብሎ ያያል። መስሚያው ጆሮው ላይ ነው።

እኛን ሲያይ አልተነሣም።

"ቁጭ በሉ" አለን። "አሁን ይጀምራሉ።"

"እነማን?" አለች ሳቬታ።

"የማዕድን ሰው ምት ነው። እኛ ነን የምናውቀው። ድንጋይ ሲዘጋብህ ያገኘኸውን ብረት እንዲህ ትመታለህ..." በጣቱ ጠርሙሱን መታ። ኳ... ኳ... ኳኳ። "'አለን' ማለት ነው። 'እዚህ ነን' ማለት ነው።"

ተቀመጥኩ።

ይህን ልንገራችሁ። ዛሬ ዐርባ ዓመት አልፎታል፤ የምሥራቁ ጉድጓድ ውስጥ ጋዝ ፈነዳ። ባሌ ቫለር ታች ነበር። በማግሥቱ የማዕድኑ ኃላፊ፣ ኢንጂነር ኦክታቪያን፣ እቤቴ ድረስ መጣና ሁለት እጄን ያዘ። "በቅጽበት ነው ያረፉት። አልተሠቃዩም" አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እሳቱ ከሰሉን እንዳይበላው የጉድጓዱን አፍ በሲሚንቶ ደፈኑት። አስከሬን አላየሁም። ባዶ ሣጥን ነው የቀበርኩት።

እና እኔ ያን ሰውዬ አመሰግነው ነበር! በየፋሲካው ኬክ ጋግሬ እልክለት ነበር! አልተሠቃየም ስላለኝ...

"እኛ ለመውረድ ተዘጋጅተን ነበር" አለ ጌዛ፣ ግድግዳውን እያየ። "ገመዱን አስሬ ነበር። 'የሚወጣ ሰው የለም፣ ተመለሱ' አለን። 'የሰማችሁት ድንጋይ ሲወድቅ ነው' አለን።"

"ሰምታችሁ ነበር?" አለች ሳቬታ።

ጌዛ ጠርሙሱን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

ቧንቧው ጀመረ።

ሳቬታ ጫማዋን አልቀየረችም። በነጠላ ጫማዋ እንደነበረች ከፊት ቀድማን ወጣች። የት እንደምትሄድ አልጠየቅናትም።

የኢንጂነሩ ቤት ከኮረብታው ላይ ነው። የፕሪም ዛፎቹ አበባ ነጭ አድርጓቸዋል። በሩን ራሱ ከፈተልን። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ፂሙን የተላጨ ሽማግሌ። እሱም እንደኛው ደንቁሯል፤ የሰው ከንፈር እያየ ነው የሚያወራው። ለእሱም መስሚያ ተሰጥቶታል። ካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

እንደታሸገ።

"ለምን አላደረጉትም?" አልኩት።

ፈገግ አለ። "ጫጫታ አልወድም፣ ወይዘሮ ቬቱሪያ።"

"ቧንቧው ያንኳኳል፣ ኢንጂነር።"

"ውሃ ይሆናል።"

"ውሃ 'አለን' አይልም!" ብሎ ጮኸ ጌዛ።

ኢንጂነሩ የጌዛን ከንፈር ለረጅም ጊዜ አየ። አፉ ከተዘጋም በኋላ አየው።

"ስንት ቀን አንኳኩ?" አልኩት። "በቅጽበት ነው ብለው እጄን ይዘው ነበር። ስንት ቀን?"

ካርቶኑን ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፋ አደረገው።

"አንተን ነው የምጠይቀው!"

ዕድሜዬን ሙሉ "እርስዎ" ስለው የኖርኩትን ሰው "አንተ" አልኩት። አፌ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንጋይ ነበር። ስተፋው ቀለለኝ።

"ባሌ ስንት ቀን አንኳኳ? ንገረኝ!"

በዚያች ቅጽበት ከግድግዳው ውስጥ ጀመረ። ኳ... ኳ... እኛ ሦስታችን መስሚያችንን አድርገን ሰማን።

እሱ ጆሮው ላይ ምንም የለም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አላዞረም። ጣቱ ግን ጠረጴዛው ላይ ከምቱ ጋር እኩል ይመታ ነበር።

አንድም አልሳተም።

"መቼ አቆሙና?" አለኝ።

ሳቬታ ፊቱ ላይ ተፋች። አልጠረገውም።

ልንወጣ ስንል ክንዴን ያዘኝ። እጁ በረዶ ነው። "አትክፈቱት" አለ በሹክሹክታ። "ስለ ራሴ ብዬ አይደለም... እባክሽ አትክፈቱት።"

እጁን ከላዬ አራገፍኩት።

በማግሥቱ ወደ ከተማው አስተዳደር ሄድን። አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ወጣት ቡናውን እየጠጣ አዳመጠን። "ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶታል እኮ፣ እማማ" አለኝ። "መስሚያ አዲስ ሲሆን እንዲህ ያደርጋል። ይለምዱታል።"

ይለምዱታል!

ሐሙስ ዕለት ደግሞ የቤቴ በር ተንኳኳ። የእንጨቱ በር። አዲና ናት። ከኋላዋ ከመስሚያው አስመጪ ድርጅት የመጣ፣ ቁልፍ በጣቱ የሚያሽከረክር ሰውዬ ቆሟል። ወደ ሳቬታ ቤት ሊወጡ ሲሉ እሷው ራሷ ወርዳ መጣች።

"መስሚያዎቹ ጉድለት ተገኝቶባቸዋል" አለች አዲና ጮክ ብላ። "ልንሰበስባቸው ነው የመጣነው።"

"ያምጡት እናቴ፣ የተሻለ እንሰጥዎታለን" አለ ሰውዬው።

"የተሻለ የሚያደነቁር?" አለችው ሳቬታ።

እኔ ግን አዲናን ነበር የማየው። ጀርባዋን ለሰውዬው ሰጥታ፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች። ዐርባ ዓመት ከንፈር ያነበበ ሰው አይሳሳትም።

*አትስጡኝ።*

በሩን ፊታቸው ላይ ዘጋሁት።

በዳግማ ትንሣኤ እሑድ፣ ልክ እኩለ ቀን ላይ፣ ወደ ምሥራቁ ጉድጓድ ወጣን። እኔና ሳቬታ ቤት ለቤት ዞረን ነግረናቸው መስሚያ ያለው ሁሉ መጣ። ሁሉም ሲሰማ ነው የከረመው፤ እያንዳንዱ ያበደ መስሎት ዝም ብሎ ነው እንጂ። ዲጂኖ የያዘ አለ። መዶሻ የያዘ አለ። አንዷ የሥጋ መጥረቢያዋን ይዛ መጥታለች። የአሮጊትና የሽማግሌ ሠራዊት... የሚያየን ቢኖር ይስቅ ነበር።

አጥሩ ዝጓል። ሲሚንቶው ላይ ሣር በቅሎ ቢጫ አበባ አውጥቷል። ወፎች ይንጫጫሉ።

ጌዛ ተንበርክኮ ሲሚንቶውን በመዶሻ መታ። ኳ... ኳ... ኳኳ።

ጠበቅን።

ከእግራችን ሥር መለሱልን።

አንዳንዶቹ አማተቡ። እኔ አላማተብኩም። ከጎኔ ከቆመው ሰው ዲጂኖ ነጥቄ መታሁ። በዚያ ዕድሜዬ እንደዚያ መምታት የምችል አይመስለኝም ነበር። አንዱ ምት ለባዶው ሣጥን ነው። አንዱ ለጥጡ። አንዱ ለኬኩ! ክንዴ ሲዝል ሳቬታ ተቀበለችኝ፣ ከእሷ ጌዛ፣ ከጌዛ ሌላው...

ሲሚንቶው ተሰነጠቀ። ከዚያ አንድ ቁራጭ ወደ ውስጥ ወደቀ።

ሲያርፍ አልሰማንም።

የትሪ ያህል ቀዳዳ ተከፈተ። ከውስጡ ሞቅ ያለ አየር ወጣ። የሚሸት ነገር ጠብቄ አፍንጫዬን ይዤ ነበር። የሸተተኝ ግን ሽንኩርትና የአሳማ ስብ ነው። የማዕድን ሰው የሚቋጥረው ምሳ።

ትኩስ ነው። አሁን እንደተፈታ ምሳ።

"ቫለር!" ብዬ ጮኽኩ በቀዳዳው። "ቫለር! እኔ ነኝ!"

ማንኳኳቱ ቆመ።

ከታች፣ በጣም ከታች፣ አንድ መብራት በራ። ግንባር ላይ የሚታሰር የማዕድን መብራት። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ...

ሳቬታ እጄን ጨበጠችኝ። እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

መብራቶቹ ግን መብዛታቸውን አላቆሙም።

እኛ ያጣነው ሰባት ሰው ነው። ሰባቱንም በስም አውቃቸዋለሁ፣ ሚስቶቻቸውን አውቃለሁ። ከታች የሚያየን መብራት ግን እንደ ከተማ ነበር። ረድፍ በረድፍ። ጉድጓዱ እስከሚታጠፍበት ድረስ፣ ከዚያም ወዲያ።

ሁሉም ወደ ላይ ቀና ብለዋል። አንድም አይናገርም።

"ጌዛ..." አልኩ። "እነዚህ እነማን ናቸው?"

ጌዛ ራሱን ነቀነቀ። ዕድሜውን እዚህ የጨረሰ ሰው አያውቃቸውም።

ያኔ ነው ኢንጂነሩ የመጣው። ከኮረብታው በቤት ጫማው፣ ኮት ሳይደርብ ወርዷል። ማንም አላስቆመውም። ቀዳዳው አፍ ላይ በጉልበቱ ወደቀና ወደ ታች አየ። አልጮኸም። አልተገረመም።

ስም መጥራት ጀመረ።

"ቲቤሪዩ... ኔሉ... ሰርጂዩ..."

አንዱም የእኛ ሰው ስም አይደለም።

"የማን ልጆች ናቸው?" ብዬ ኮሌታውን ያዝኩት። "እነዚህን ደግሞ ከየት አምጥታችሁ ነው የቀበራችኋቸው? ለማን ሚስት ነው 'አልተሠቃዩም' ያላችሁት? ለማን እናት?"

ከንፈሬን አላየም። "ዶሩ... ሚሁ..." ሳያቋርጥ፣ እንደ ጸሎት። አንድ ስም በጠራ ቁጥር አንድ መብራት ከሌሎቹ ተለይቶ የብረቱን መሰላል መውጣት ይጀምራል።

የፖሊስ መኪና ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ሁለት ፖሊሶች ሮጠው መጡ። አንዱ ወደ ቀዳዳው ጎንበስ ብሎ አየና ወደኋላ ተንደርድሮ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሁለተኛው የኢንጂነሩን አፍ በእጁ አፈነ።

መብራቶቹ በያሉበት ቆሙ።

ጌዛ ሄዶ የፖሊሱን እጅ ጣት በጣት አላቀቀው። ፖሊሱ ወጣት ነው፤ አልታገለም።

"ተወው" አለው ጌዛ። "ይጥራቸው።"

ኢንጂነሩ ጠራ።

ከሁሉ የቀደመው መብራት ወደ ብርሃኑ ደረሰ። ቫለር ነው ብዬ ጎንበስ አልኩ... ቫለር አይደለም። ጢም ገና ያላወጣ ልጅ ነው። ጸጉሩ ተላጭቷል፣ ያን ጊዜ በግዳጅ ማዕድን ይላኩ እንደነበሩት ወጣት ወታደሮች። ፊቱ በከሰል ጠቁሯል፣ የቀትር ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታ እንኳን አላርገበገበም።

እኔን አላየኝም። ሳቬታንም አላየም። ኢንጂነሩን ብቻ አየው።

ከዚያ አንድ እጁን ከመሰላሉ አነሣ... መዳፉን ከጆሮው ኋላ አደረገ... አንገቱንም ወደ እኛ ዘንበል አደረገ።

የሚቀጥለውን ስም ለመስማት።